በጀት ከዜሮ ሲነሳ

ሰኔ ሲገባ ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይበረታል፤ ዝናብና ግዢ። ዝናቡን ተዉት፣ የለመድነው ነው። ግዢው ግን ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። አሥር ወር ሙሉ «በጀት የለም» ሲባልበት የከረመ መሥሪያ ቤት ሰኔ አጋማሽ ላይ ወረቀት በካርቶን፣ ቶነር በደርዘን ያስገባል። ስብሰባ የሚጠላ ኃላፊ ሳይቀር ሥልጠና ያዘጋጃል። ይህ የጅማ ጠባይ ብቻ አይደለም። ከላይ እስከ ታች፣ በየክልሉ ያለ ነገር ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ያልተነካ ብር ተመላሽ ይሆናል።

ነገሩ ተመላሽ መሆኑ ብቻ ቢሆን ማንም እንቅልፍ አያጣም ነበር። የመንግሥት ብር ወደ መንግሥት ካዝና ቢመለስ ማን ይጎዳል? ጭንቀቱ ሌላ ነው። ዘንድሮ 200 ሺህ ብር የመለሰ መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት «ለካ አያስፈልግህም ነበር» ይባልና ይቀነስበታል። ያሟጠጠው ደግሞ «አልበቃኝም» ብሎ ይጨመርለታል። ቆጣቢው ተቀጣ፣ አሟጣጩ ተሸለመ ማለት ነው። ይህን በዓይኑ ያየ የበጀት ባለሙያ ሰኔ ላይ ቶነር ቢገዛ እኔ አልፈርድበትም።

ነገሩ ከየት እንደሚመጣ የበጀት መጠየቂያ ቅጹን ያየ ሰው ያውቃል። በአንድ በኩል የወጪ መደቦቹ በቁጥር ተደርድረዋል። 6111 ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል እያለ ይወርዳል። በሌላ በኩል ያለፈው ዓመት፣ የዘንድሮና የሚቀጥለው ዓመት ዓምዶች አሉ። እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ዘንድሮው ቁጥር ይሄዳል። 10 በመቶ ይጨምርበታል። ፋይናንስ ደግሞ 5 በመቶ ይቆርጥበታል። ጠያቂው እንደሚቆረጥበት ያውቃል፣ ስለዚህ የሚቆረጠውን ቀድሞ ይጨምራል። ቆራጩም እንደተጨመረ ያውቃል፣ ስለዚህ ሳያነብ ይቆርጣል። ክርክሩ ሁሉ በዚያች ጭማሪ ላይ ያልቃል። ከሥሯ ያለው ትልቁ ቁጥር ግን ማንም ሳይነካው ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ቁጥሩ ከዓመታት በፊት ማን፣ ለምን እንዳስገባው የሚያስታውስ ሰው ምናልባት ጡረታ ወጥቷል።

ከዜሮ የሚነሳ በጀት፣ የሙያው ሰዎች ዜሮ ቤዝ የሚሉት፣ የተፈጠረው ይህን ትልቅ ቁጥር ለመንካት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ያለፈው ዓመት በጀት መብት አይሰጥም። እያንዳንዱ ሥራ በየዓመቱ እንደ አዲስ «ለምን ልኑር? ስንት ይበቃኛል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያስረዳል። ያላስረዳ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስጋት አለ። ዜሮ ሲባል ብዙ ሰው ቅነሳ ይመስለዋል። አንዳንዱም ከሥራ ማባረር ነው ብሎ ይደነግጣል። አይደለም። ዜሮ የሚሆነው ክርክሩ የሚጀመርበት ቦታ ነው። ክርክሩ የሚያልቀው ከአምናው በታችም ሊሆን ይችላል፣ ከአምናው በላይም። ይህን በምሳሌ ካላየነው ግን ወሬ ብቻ ይሆናል።

እንበልና ጅማን የመሰለ አንድ ከተማ የጎርፍ ማፍሰሻ ቦዮቹን የሚያስጠርግ ክፍል አለው። ጅማን የመሰለ ያልኩት ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ነው። አዌቱ ወንዝ መሀል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ቦይ ከተደፈነ ውኃው የሚሄደው ወደ ሰው ቤትና ወደ ገበያ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች የፈጠርኳቸው ለማስረዳት ነው። የየትኛውም መሥሪያ ቤት ሒሳብ አይደሉም።

የክፍሉ የአምና በጀት 2,400,000 ብር ነበር። 1,400,000 ለቀን ሠራተኛ፣ 250,000 ለነዳጅ፣ 150,000 ለቦቲ ጫማ፣ ለጓንት፣ ለአካፋና ለጋሪ። የቀረው 600,000 ለውሎ አበል፣ ለሥልጠናና ለልዩ ልዩ። በለመድነው መንገድ ቢሄድ ባለሙያው በሁሉም ላይ 10 በመቶ ጨምሮ 2,640,000 ይጠይቃል። ቅጹ ከምሳ በፊት ያልቃል።

አሁን ከዜሮ እናስነሳው። መጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ መሀል ሌላ ጊዜ፣ 40 ኪሎ ሜትር ቦይ መጥረግ ነው። በድምሩ 80 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ባለሙያው ወንበሩን ለቆ ወደ ካቦው መሄድ አለበት። ዜሮ ቤዝ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ጋሼ፣ አሥር ሰው በቀን ስንት ሜትር ይጠርጋል?»

«እንደ ቦዩ ነው ልጄ። ድንጋይ ያለበት 100ም አይሞላ። ደለል ብቻ ከሆነ 300ም ይሄዳል።»

«በአማካይ 200 ብል?»

«200 በል። ግን መኪናው ከመጣ ነው። መኪናው ካልመጣ ያወጣነውን ጭቃ ዳር ላይ እንከምረዋለን። ማታ ይዘንባል። ጠዋት ቦዩ ውስጥ ነው።»

የዚህች ንግግር ዋጋ ከብዙ የሪፖርት ገጽ ይበልጣል። 80,000 ሜትር ለ200 ሲካፈል አሥር አሥር ሰው ያለው ቡድን 400 ቀን መሥራት አለበት ማለት ነው። የአንድ ሰው የቀን ክፍያ 250 ብር ቢሆን፣ ቡድኑ በቀን 2,500 ብር፣ በጠቅላላው 1,000,000 ብር። አምና ግን የተከፈለው 1,400,000 ነው። ይህ የ560 ቀን ክፍያ ነው። 160ው ቀን የት ገባ? ካቦው ነገረን። ያንኑ ጭቃ ሁለተኛ በማውጣት።

ጭቃው ለምን ዳር ላይ ቀረ? ነዳጁን እንይ። መኪናው ለአንድ ምልልስ 15 ሊትር ቢፈልግና ሊትሩን በ130 ብር ብንይዘው አንድ ምልልስ 1,950 ብር ነው። 250,000 ብር የሚበቃው ለ128 ምልልስ ብቻ ነበር። በየሥራው ቀን አንድ ምልልስ ያስፈልጋል ካልን 400 ነው የሚፈለገው፤ 780,000 ብር። ለአራት ቡድን፣ ለ40 ሰው፣ መሣሪያው በነፍስ ወከፍ 3,000 ብር ቢያዝ 120,000 ይሆናል። ድምሩ 1,900,000።

ልብ በሉ። 600 ሺህዋ ሳትቆጠር ድምሩ ከአምናው ጠቅላላ በግማሽ ሚሊዮን ያንሳል። ነዳጁ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። በለመድነው መንገድ «ነዳጅ በሦስት እጥፍ ይጨመርልኝ» ያለ ኃላፊ ተስቆበት ይወጣ ነበር፤ ምናልባትም ኦዲት ይላክበት ነበር። ከዜሮ ሲነሳ ግን ነዳጅ የተነፈገው ቦይ ጉልበት እንደሚበላ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የ600 ሺህዋስ ጉዳይ? እሷ አልተሰረዘችም። ለብቻዋ ትምጣና ትከራከር። ከተማው ውስጥ ለሚሠራ ሥራ የውሎ አበል ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ካለ ይሰማል።

ይህ የስሌቱ ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ፣ ለእኔ ዋናው፣ ገና ይቀራል።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁጥር ይዘህ አትምጣ። ደረጃ ደረጃውን ከፍለህ አምጣ። በሙያው ቋንቋ እያንዳንዱ ደረጃ የውሳኔ ፓኬጅ ይባላል። የመጀመሪያው ፓኬጅ ከአሁኑ አቅም በታች መሆን አለበት። ይኸውም ሥራው ጭራሽ ከሚዘጋ ተብሎ የሚያዝለት ዝቅተኛው መጠን ነው። የኛ ቦይ ጠራጊ እንዲህ ይከፍለዋል። አንደኛ፣ ከክረምት በፊት ገበያውና ዝቅተኛው ሰፈር ያለበትን 15 ኪሎ ሜትር ብቻ አንድ ጊዜ በሁለት ቡድን መጥረግ፤ 393,750 ብር። ሁለተኛ፣ ሙሉውን 40 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ማድረስ፤ እስከዚህ ድረስ ድምሩ 1,010,000 ብር። ሦስተኛ፣ በክረምቱ መሀል መድገም፤ 1,900,000 ብር።

ምክር ቤቱ ፊት ይህ ሲቀርብ ጨዋታው ይለወጣል። ከንቲባው ወይም አፈ ጉባኤው «5 በመቶ ቀንስ» ማለት አይችልም። ወይ 890 ሺህዋን ሦስተኛ ፓኬጅ ያጸድቃል፣ ወይ በክረምቱ መሀል ቦይ አይጠረግም ብሎ በስሙ ይፈርማል። ከዚያ የሁሉም ክፍሎች ፓኬጆች አንድ ላይ ይደረደራሉ። የቦይ አንደኛ ፓኬጅ ከሁሉም በላይ ሊወጣ ይችላል። የቦይ ሦስተኛ ፓኬጅ ግን ከመንገድ መብራት አንደኛ ፓኬጅ በታች ሊወርድ ይችላል። ብሩ እስኪያልቅ ከላይ ወደ ታች ይቆጠራል። ብሩ ያለቀበት ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በታች የቀረው ምን እንደሆነ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል።

ይህን ያህል የሚያምር ነገር ለምን በየቦታው አልተሠራበትም? ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ዘዴውን አሁን በሚታወቅበት መልክ ያዋቀረው ፒተር ፒር የሚባል የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሠራተኛ ነው። ድርጅቱ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ነው። ፒር አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ የንግድ ሥራ መጽሔት ላይ ጻፈው። ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ በዚያው ሰሞን የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዢ የሆነው ጂሚ ካርተር ነበር። ካርተር ፒርን አስመጣና የ1973 የግዛቱን በጀት ከዜሮ አስነሳ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆን ደግሞ በየካቲት 1977 (እንደ ፈረንጆቹ) ለመላው የፌዴራል መንግሥት ትእዛዝ ሰጠ። የ1979 በጀት በዚሁ ተዘጋጀ። ተከታዩ ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1981 ሥልጣን ሲይዝ ግን ነገሩን ሰረዘው።

መሰረዙ የፓርቲ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በጆርጂያ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ፓኬጆች ተዘጋጅተው ነበር። እስቲ እናስላው። ገዢው ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 50 ሺህ ደቂቃ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ከ100 የሥራ ቀን በላይ ይፈጃል። ማን አነበበው? የጆርጂያን ሙከራ የመረመሩ ሰዎች ከዘዴው በቀጥታ መጣ የሚባል ጉልህ የገንዘብ ሽግግር አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው። በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች የራሳቸውን ሥራ ከበፊቱ በተሻለ አወቁት።

ከዚያ በፊትም የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1962 ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር። ሰዉ ወራት ለፋ፣ ወረቀት ተከመረ፣ በመጨረሻ የተገኘው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱ አያስገርምም። አብዛኛው ወጪ በሕግ የታሰረ ነበር። «ለምን ልኑር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ሕጉ አለ» ከሆነ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ሌላም ተንኮል አለ። መሥሪያ ቤቶች ሞኝ አይደሉም። «ከአሁኑ በታች ቢሰጥህ ምን ይቀራል?» ሲባሉ ሕዝብ በጣም የሚወደውን ነገር «ይህ ይቀራል» ብለው ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 በጀቱ የተቀነሰበት የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ኃላፊ ጆርጅ ሃርትዞግ በዋሽንግተን የሚገኘውን ዝነኛ ሐውልትና ግራንድ ካንየንን ጨምሮ ፓርኮቹን በሳምንት ሁለት ቀን ዘጋ። ጎብኚው ጮኸ፣ የምክር ቤት አባላት ስልክ ተጨናነቀ፣ ብሩም ተመለሰ። ይህ ሰውዬ ዘዴኛ ነበር። የኛም ቦይ ጠራጊ ገበያውን ሆን ብሎ ሦስተኛ ፓኬጅ ውስጥ ቢደብቀው ማን ያውቅበታል? የሚያውቅበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ገበያው የት እንዳለ የሚያውቅ የምክር ቤት አባል። የጅማውን የሕርማታ ገበያ ረግጦ የሚያውቅ ተመራጭ ጠረጴዛው ዙሪያ ከሌለ ፓኬጅ መደርደር ከንቱ ልፋት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ላይ ማንም የማይወደው እውነት አለ። የአንድ ወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር መደበኛ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ። ደመወዝን ከዜሮ ማስነሳት አይቻልም፤ ሰዎቹ በሕግ የተቀጠሩ ናቸው፣ የጡረታ መዋጮውም ግዴታ ነው። ስለዚህ ዜሮ ቤዝ እኛ ዘንድ ሊነካ የሚችለው የሥራ ማስኬጃውንና አዳዲስ የካፒታል ሥራዎችን ነው። ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ግን ስህተት ነው። ደመወዝ ሰዉን ወደ ቢሮ ያመጣዋል። ሥራ የሚያሠራው ማስኬጃው ነው። ክትባት ማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጦ ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ካጣ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ደመወዝ የተከፈለው ለመቀመጥ ነው።

ሁለተኛው እውነት ጣሪያ የሚባለው ነገር ነው። ወረዳው ብር የሚያገኘው በዋናነት ከላይ ነው። የፌዴራል ድጎማ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ለክልል ይከፋፈላል። ክልል ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያወርዳል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ትልልቆቹ ክልሎች ለወረዳ በጥቅል ነው የሚሰጡት። «ይህን ያህል ብር ነው፣ እንደሚሆን አድርጋችሁ ከፋፍሉት» ይባላል። የበጀት ጥሪው፣ «ጥያቄያችሁን አምጡ» የሚለው ደብዳቤ፣ ሲመጣ ጣሪያው አብሮ ይመጣል። ታዲያ ጣሪያው ከታወቀ ከዜሮ መነሳት ምን ይጠቅማል? እንዲያውም የሚጠቅመው ያኔ ነው። ጣሪያው ስንት እንደምታገኝ ይነግርሃል። ከጣሪያው ሥር ማን ይቅደም የሚለውን አይነግርህም። ጥቅል ድጎማ ያገኘ ወረዳ ለሴክተሮቹ በአምናው ድርሻ ካከፋፈለ የተሰጠውን ነፃነት መልሶ አስረከበ ማለት ነው።

የፌዴራል መንግሥት በበኩሉ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሮግራም በጀት ይከተላል። ይህ የዜሮ ቤዝ ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። ወጪውን ከመደብ ቁጥር አላቅቆ ከሥራና ከውጤት ጋር ያያይዘዋል። «ነዳጅ ስንት?» ከማለት «ክትባት ስንት፣ በስንት?» ወደ ማለት ይወስዳል። ሥራው አለመኖሩ ምን ያስከትላል የሚለውን ግን በየዓመቱ ግዴታ አድርጎ አይጠይቅም።

የአምናን ቁጥር መነሻ ማድረግ በተረጋጋ ዘመን ብዙም አይጎዳም ነበር። የኛ ዘመን ግን የተረጋጋ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ተነቃነቀ። ነዳጅም፣ ጎማም፣ መድኃኒትም። የፌዴራል በጀት በ2017 ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በመሀል ተጨማሪ በጀት ታወጀ። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ በሁሉም መደብ ላይ እኩል 10 በመቶ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዋጋው እጥፍ የሆነው ነገር ያጥራል፣ ዋጋው ያልተነካው ይተርፋል። የተረፈው ሰኔ ላይ ቶነር ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምለው ይህ ነው፦ ዜሮዋን ተዉአትና ዝቅተኛውን ፓኬጅ ያዙ። ከዚህ ዘዴ ውስጥ ወርቁ «ከአሁኑ በታች ቢሆን ምን ይቀራል?» የምትለው ጥያቄ ናት። ሁሉን ነገር ከባዶ መጻፍ ሳያስፈልግ መጠየቅ ይቻላል። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያደረገችው ይህንኑ ነው። መንግሥት የተወሰኑ የወጪ ዘርፎችን ይመርጣል። ሲጀመር የሚመረምረው ቡድን ከሚያቀርባቸው አማራጮች ቢያንስ አንዱ ወጪውን በ20 በመቶ የሚቀንስ መሆን ነበረበት። «አይቻልም» የሚል መልስ አይቀበሉም ነበር። ቅነሳው ይጽደቅ አይጽደቅ ፖለቲከኛው ይወስናል። አማራጩ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ሁሉንም በአንድ ዓመት ማድረግም ግዴታ አይደለም። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል አይታችኋል። ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ከጉቶው አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ በደንብ እስኪያፈራ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ጤነኛ ገበሬ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዓመት አይጎነድልም። ዘንድሮ ይህን ጥግ፣ ከርሞ ያንን እያለ ያዞረዋል። አለበለዚያ በመሀል ምን ይበላል? ካርተር ማሳውን በሙሉ ጎነደለ።

አንድ ከተማ አሥራ አምስት ጽሕፈት ቤት ቢኖረው በየዓመቱ ሦስቱን ብቻ ከዜሮ ቢያስነሳ በአምስት ዓመት ሁሉም ይዳረሳል። የቀሩት አሥራ ሁለቱ እንደ ወትሮው ይጠይቁ። ተራው የማን እንደሆነ ከአምስት ዓመት በፊት ይታወቅ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ነው። «ዘንድሮ አንተን እንመርምርህ» የሚባለው ከኃላፊው ጋር የተጣሉ ዕለት ከሆነ መሣሪያው ወዲያው የቂም መወጫ ይሆናል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ሕግ የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው በ12 ዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራሉ፤ ምክር ቤቱ «ይቀጥል» ብሎ ካልወሰነ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። ያን ያህል መሄድ ለኛ ከባድ ይመስለኛል። የታወቀ ተራ ይኑር የሚለውን ሐሳብ ግን ከእነሱ መውሰድ አያስነውርም።

ጊዜው ላይ ልጨርስ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። ነገሩን የበጀት ጥሪው በመጣ ሰሞን ልጀምር ያለ ሰው አበቃለት። ካቦውን ለማነጋገር ጊዜ የለም፣ ሁሉም የሚሮጠው ቅጽ ሊሞላ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት መስከረም ላይ ነው። የክረምቱ ሥራ ገና ትኩስ ነው፤ ስንት ምልልስ እንደተሠራ የስምሪት መዝገቡ ላይ አለ፣ ስንት ሰው እንደተከፈለው ፔሮሉ ላይ አለ። ኅዳር ድረስ አንድ ሜትር ቦይ፣ አንድ የተከተበ በሬ፣ አንድ የተጠገነ የመንገድ መብራት ስንት እንደሚያወጣ ይለካ። ታኅሣሥና ጥር ሦስቱ ፓኬጆች ይጻፉ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ገጽ አይብለጡ። ጥሪው ሲመጣ የሚቀረው መደርደሩ ነው። ሲደረደር ደግሞ ፋይናንስ ብቻውን አይቀመጥ። ሾፌሩና ካቦው ቢያንስ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠሩ፣ የሚቀርባቸው የቀን ሥራ ስለሚኖርም ክፍያቸው በዚያው በጀት ይያዝ።